የልባሽ ልብስ ነጋዴ የሚከስረው ሲገዛ ነው

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፤

ሥራ ፈላጊ ወጣቶች በተሰበሰቡበት ሁሉ አንድ ምክር እየተደጋገመ ይሰማል፦ «ልባሽ ልብስ በርካሽ ግዛ፣ እጠብ፣ ሽጥ፣ እጥፍ ታገኛለህ።» ምክሩ ሐሰት አይደለም፤ ጎደሎ ነው። ደብረ ማርቆስ፣ ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላም ወይም ባሕር ዳር ላይ መደብ ይዞ ጀምሮ ሁለት ሦስት ወር ሳይሞላው መነሻ ገንዘቡን በልቶ የሚነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መሸጥ አቅቶት አይደለም። የከሰረው ሲገዛ ነው፤ ኪሳራውን የሚያየው ግን ሲሸጥ ነው። ሥራውን የምናውቅ አንባቢዎቻችሁ ይህን ጽፈን የላክነው ለዚህ ነው።

ከዕቃው ምንጭ እንጀምር። ልባሽ ልብስ ለንግድ ከውጭ ማስገባት በአገራችን የተከለከለ ነው። የሰልቫጅ ቦንዳ፣ ማለትም ከውጭ ታስሮ የሚመጣ የልባሽ ልብስ ጥቅል፣ ሲያዝ ይወረሳል፤ ባለቤቱም በጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 መሠረት በኮንትሮባንድ ሊከሰስ ይችላል። ይህን ሳይነግሩ «ቦንዳ ፍታ» ብሎ ወጣት መምከር ገደል መምራት ነው። ሕጉን እንኳ ወደ ጎን ብንተወው፣ ቦንዳ ታስሮ የሚሸጥ ዕቃ ነው። ገንዘቡ ይከፈላል፣ ገመዱ ይፈታል፣ ውስጡ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። ላዩ ላይ ያለው ንጹሕ ኮት ስለ መሀሉ ምንም አይናገርም።

በእጅ ተዳስሶ የሚገዛው ዕቃ እዚሁ ከሰው ቤት የሚወጣው ነው። ልዋጩ በየሰፈሩ እየዞረ በፕላስቲክ ሳፋ፣ በጆግና በፔርሙስ ለውጦ ያመጣዋል። የእሱ ወጪ ሳፋው ነው፤ ሳፋው በጅምላ ስንት እንደሚገዛ የሚያውቅ ሰው ልዋጩ በዋጋ እስከ የት እንደሚወርድ ያውቃል። መገኛው አመሻሽ ላይ፣ ሸክሙን ይዞ ሲመለስ ነው፤ በማግስቱ ጠዋት የደረሰ ሰው ሌሎች መርጠው የተዉትን ያነሳል። ሁለተኛው ምንጭ ብዙ ሰው የማያስበው ነው፦ ዩኒቨርሲቲዎቹ። ደብረ ማርቆስ፣ ባሕር ዳርና እንጅባራ ላይ ተመራቂዎች ሻንጣ አስረው ሲወጡ ብርድ ልብስ፣ ጃኬት፣ ጫማና ቦርሳ ተሸክመው መሄድ አይፈልጉም። ያን ጊዜ የተገዛ ብርድ ልብስ ታጥቦ፣ አዲሶቹ ተማሪዎች ሲገቡ ይሸጣል። ወራት መጠበቅን ይጠይቃል፤ ስለዚህ በብድር ገንዘብ የሚሠራ ሥራ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ አያያዙ። በገበያ መደብ ላይ የሚወጠረው ሸራ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ወይም ብርቱካንማ ነው። ከሥሩ የታየ ልብስ ሁሉ ቀለሙ ይዋሻል። የወየበ ነጭ ሸሚዝ በሰማያዊ ሸራ ሥር ጸዓዳ ይመስላል፤ የደበዘዘ ቡኒ ኮት በብርቱካንማው ሥር ሞቅ ብሎ ይታያል። ዋጋ ከመጥራት በፊት ልብሱን ይዞ ፀሐይ ላይ መውጣት ነው። ሻጩ በዚህ ቅር ካለው ቅር የሚልበት ምክንያት አለው።

ፀሐይ ላይ ከተወጣ በኋላ ዓይን መሄድ ያለበት ወደሚያልቅበት ቦታ ነው። ከሸሚዝ ኮሌታው፣ ብብቱና የእጅጌው ጫፍ፤ ከሱሪ መቀመጫው፣ በጭኖቹ መካከል ያለው፣ ጉልበቱና የኪሱ ውስጥ። ጨርቁን በሁለት እጅ ወጠር አድርጎ ወደ ብርሃን ማንሳት ነው፤ ብርሃኑ እንደ ወንፊት ከገባ ያ ቦታ ሳስቷል፣ በመጀመሪያው አጠባ ይሄዳል። የሳሳ ጨርቅ መጣፊያ አይዝም፤ ክሩ መጣፊያውን ሳይሆን ዙሪያውን ይቀደዋል። የሱፍ ኮት ከሆነ ኮሌታውን ገልብጦ ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል። ብል የሚጀምረው ብርሃን ከማያገኘው ቦታ ነው። አንድ ሁለት ቀዳዳ በጥሩ እጅ ይጠገናል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ኮቱን ብቻ ሳይሆን የብሉን እንቁላልም እየገዙ ነው፤ መጋዘን ውስጥ ያለው ሌላ ሱፍ ሁሉ ይበላል።

«ሱፍ ነው» የተባለውን ለማረጋገጥ፣ ሻጩን አስፈቅዶ ከውስጠኛው ስፌት አንዲት ክር መዝዞ ማቃጠል ነው። እውነተኛ ሱፍ እንደ ተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲታሽ ይደቃል። ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ ቀላል ግራጫ አመድ ይተዋል። ፖሊስተር ግን ይቀልጣል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ሲቀዘቅዝ የማይደቅ ጠጣር ፍሬ ይሆናል። የዋጋ ልዩነቱ ብዙ ስለሆነ ይህች ደቂቃ አታስቆጭም።

የቆዳ ጃኬት ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ክርኑን አጠፍ አድርጎ ማየት ነው፤ ላዩ እንደ ቅርፊት መነሳት ከጀመረ በጨርቅ ላይ የተቀባ ፕላስቲክ ነው፤ መላጡ አይቆምም፣ የጫማ ቀለምም አያድነውም። እውነተኛ ቆዳ በአውራ ጣት ሲጫኑት ዙሪያውን ይሸበሸባል፤ ከኪሱ አፍ ወይም ካልተሰፋ ጫፍ ላይ ሲታይ የውስጡ ገጽ ጭረት ጭረት አለው። ዚፕ ላይ ደግሞ ሰው በከንቱ ይፈራል። ተዘግቶ ከኋላው የሚከፈት ዚፕ ብዙ ጊዜ ጥርሱ ደህና ነው፤ የላላው የሚጎተተው ራስ ነው፤ በፒንሳ ግራና ቀኙን በቀስታ ጠበቅ ማድረግ ይበቃዋል። ጥርስ የጎደለው ግን ሙሉ ዚፕ ይለወጣል፤ የዚፑና የልብስ ሰፊው ዋጋ ከመግዣው ላይ መደመር አለበት። የተለጠፈውን ስም ማመን አያስፈልግም። «አዲዳስ» የሚል ጨርቅ በሜትር ተገዝቶ ይሰፋል።

የቁጥር ነገርም አለ። ልብስ ላይ የተጻፈው ቁጥር አገር ለአገር ይለያያል፣ ታጥቦም ይጠፋል። ልብሱን አንጥፎ ከብብት እስከ ብብት ለክቶ በሁለት ማባዛት የደረቱን ዙሪያ ይሰጣል። ለጫማ የውስጡን ርዝመት በሳንቲሜትር መለካት ነው፤ የእግሩ ርዝመት 26.5 ሳንቲሜትር የሆነ ሰው በአውሮፓው ቁጥር 42 ያደርጋል። መለኪያ ሜትር ኪሱ ውስጥ የሌለው ነጋዴ በየቅዳሜው «አልሆነኝም» የሚል ተመላሽ ይቀበላል።

እዚህ ላይ ስለ ጫማ ሶል አንድ ነገር ማለት ግድ ነው፤ ብዙ ብር የሚበላው እሱ ነውና። አንዳንድ ጫማ ምንም ሳይለበስ ለዓመታት ተቀምጦ አዲስ ይመስላል። ተገዝቶ ሁለት ቀን ሲለበስ ግን ሶሉ እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። ምክንያቱ ፖሊዩሬታን ከሚባል የፕላስቲክ ዓይነት የተሠራ ሶል ከአየሩ እርጥበት እየወሰደ ከውስጥ መበስበሱ ነው፤ መቀመጡ ራሱ ይጎዳዋል። መለያው ቀላል ነው፦ ሶሉን በጥፍር ጫን አድርጎ ማየት፣ ከዚያም ጫማውን አጥፎ የእጥፋቱን ቦታ ማየት። ጥፍሩ ጎድጉዶ ከቀረ፣ ወይም እጥፋቱ ላይ ስንጥቅና ዱቄት ከታየ፣ በነፃም ቢሰጥ አይወሰድም። ሙጫ አያድነውም፤ የሚያያዝበት ጤነኛ አካል የለውምና።

አፉን የከፈተ ነገር ግን ሶሉ ጤነኛ የሆነ ጫማ ሌላ ነው፤ እሱ ትርፍ ነው። አሮጌው ሙጫ ተፍቆ ይወጣል፣ ሁለቱም ገጽ በብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል፣ አቧራው ይጠረጋል፣ ፍጹም ይደርቃል። ማስቲሽ በሁለቱም በኩል በስሱ ይቀባል። ከዚያ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሳያገናኙ መጠበቅ ነው፤ ጣት ሲያስነኩት እስከማይዝ ድረስ። ያን ጊዜ አገናኝቶ በኃይል መጫን፣ አስሮ ማሳደርና በማግስቱ መሸጥ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ እርጥብ ሙጫ አገናኝቶ በዚያው ቀን የሸጠ ሰው ጫማውን በሚቀጥለው ገበያ ከባለቤቱ ጋር ያገኘዋል።

የጎጃም ገበያ ለሌላው የማይጠቅመውን ይወስዳል። ጉልበቱ የተቀደደ ጠንካራ ሱሪ ሌላ ቦታ መወልወያ ነው፤ እዚህ ግን ቁምጣ ይሆናል። ከሚፈለገው ርዝመት 4 ሳንቲሜትር ዝቅ ብሎ መቁረጥ፣ 1 ሳንቲሜትር ከዚያም 3 ሳንቲሜትር አጥፎ መስፋት ነው። ከተቆረጠው እግር የሚተርፈው ጨርቅ ለሌላ ሱሪ ኪስ ይሆናል። ስህተቱ ከጉልበቱ ቅዳድ አስጠግቶ መቁረጥ ነው፤ በቅዳዱ ዙሪያ ያለው ጨርቅም ሳስቷል።

ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። አንድ ሰው 40 ልብስ በ6,000 ብር ገዛ እንበል። በአእምሮው የያዘው ዋጋ በነፍስ ወከፍ 150 ብር ነው፤ በ250 ሲሸጥ 100 ብር ያተረፈ ይመስለዋል። ልብሱ ሲታጠብ 8ቱ የማይረቡ ሆኑ። 12ቱ እያንዳንዳቸው በ30 ብር ተጠገኑ፤ 360 ብር። ለሳሙና፣ ለውሃና ለካውያ ከሰል 400፣ ለጋሪና ለወዛደር 300፣ ለአራት ቅዳሜ መደብ 400። ጠቅላላ ወጪው 7,460 ብር ሲሆን የሚሸጠው ልብስ 32 ነው። የአንዱ ልብስ እውነተኛ መግዣ 233 ብር መጣ። በ250 የሸጠ ሰው ያተረፈው 17 ብር ነው።

ያው ዕቃ ቢለይስ? 10ሩ ምርጥ በ450፣ 14ቱ መካከለኛ በ280፣ 8ቱ ደካማ በ120 ቢሸጡ፣ የማይረቡት 8ቱ ደግሞ ለጋራዥ መወልወያ በ15 ብር ቢሄዱ፣ ገቢው 9,500 ብር ነው። ትርፉ 2,040 ብር። አራት የገበያ ቀንና ሦስት የእጥበትና የጥገና ቀን ከተቆጠረ በቀን 291 ብር ግድም ይደርሳል። ዋጋዎቹ ምሳሌ ናቸው፤ እያንዳንዱ በገበያው ይተካቸው። ዋናው ነገር ቁልሉን በአንድ ዋጋ መጥራት ለገዢ መስጠት መሆኑ ነው፤ ገዢ ምርጦቹን በጠዋት አንስቶ ይሄዳል፣ ለነጋዴው ደካማው ይቀራል።

እጥበቱ ላይ ሰው ችላ የሚለው ነገር ቅማል ነው። የልብስ ቅማል የሚኖረው በስፌቱ መስመር ውስጥ ሲሆን ግርሻና ተስቦ ያስተላልፋል፤ ደጋው ላይ፣ በክረምት፣ ሰው ተፋፍጎ ሲያድር ይብሳል። የተገዛ ልብስ ከመታጠቡ በፊት ከቤተሰብ ልብስና ከመኝታ መራቅ አለበት። ሙቀት የሚችለው 60 ዲግሪ በሚደርስ ሙቅ ውሃ ግማሽ ሰዓት ይነከርና ስፌቱ ላይ ካውያ ይሄድበታል። ሙቅ ውሃ የማይችለው ኮት በላስቲክ ታስሮ ሁለት ሳምንት ይቀመጣል፤ ቅማሉ ደም ሳያገኝ፣ የተፈለፈለውም ሳይበላ ይሞታል። ትኋን ግን በዚህ አይሞትም፣ ለወራት ሳይበላ ይቆያል፤ መድኃኒቱ ሙቀት ነው።

በረኪና ለነጭ ጥጥ ብቻ ነው፤ አንድ የቡና ስኒ በአምስት ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከአሥር ደቂቃ ያልበለጠ። ሱፍና ሐር ይበላል፤ የብብት ቢጫ እድፍ ላይ ሲደረግ ደግሞ ቢጫውን ያባብሰዋል። ለብብት ሦስት ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ማንኪያ ውሃ ለውሶ ቀብቶ አንድ ሰዓት መተው ይሻላል። የደም እድፍ በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ይታጠባል፤ ሙቅ ውሃ እድፉን ያጣብቀዋል። በረኪናን ከኮምጣጤ ጋር መቀላቀል መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው ይጥላል። በክረምት ደግሞ በደንብ ሳይደርቅ ጆንያ ውስጥ የገባ ልብስ በሳምንት ውስጥ ይሻግታል። ጆንያው ከወለሉ በጣውላ ከፍ ይበል። ሽታውን በሽቶ መሸፈን ገዢውን የበለጠ ያስጠረጥራል።

ከልብስ ውጭ ትርፍ ያለው የቆየ የሲንጀር ስፌት መኪና ነው። ሲገዛ መንኮራኩሩን በእጅ ማዞር ነው። የደረቀ ከሆነ ተሰብሯል ማለት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ አሮጌ ዘይት ሙጫ ሆኖ ነው። ነጭ ጋዝ በየቀዳዳው ጠብ አድርጎ ማሳደር፣ በማግስቱ ማዞር፣ ጠርጎ የስፌት መኪና ዘይት መስጠት። የምግብ ዘይት ያደረገበት ሰው ያንኑ ሙጫ መልሶ ሠራ። የማይገዛው አካሉ የተሰነጠቀው ነው። የቦቢኑ፣ የሥር ክሩ የሚጠቀለልበት፣ ቤት ከጎደለ ዋጋው ይቀነስ። ከመክፈል በፊት ሁለት ድርብ ጨርቅ ላይ አንድ ስንዝር መስፋት ነው፤ ከሥር ክሩ ከተንጠለጠለ የላይኛው ክር ላልቷል ወይም በትክክል አልገባም፣ ይህ ይስተካከላል። ጨርቁ ካልተጎተተ ግን ከሥር ያሉት ጥርሶች አልቀው ሊሆን ይችላል።

የስፌት መኪናም ይሁን ቴሌቪዥን ወይም ስልክ ሲገዛ የሻጩ መታወቂያ ኮፒና ሁለት ምስክር ያለበት ወረቀት ያስፈልጋል። የተሰረቀ ዕቃ መግዛት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያስጠይቃል። በተለይ በምሥራቅ ጎጃም፣ መርጡለ ማርያም፣ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ወርቅ ባሉበት አገር፣ «አሮጌ ዕቃ» ተብሎ የብራና መጽሐፍ ወይም መስቀል ሲመጣ እጅን መሰብሰብ ነው። ቅርስ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተጠበቀ ነው፤ የንግድ ዕቃ አይደለም።

ስለ ወቅቱ ብዙ አንልም። ኮትና ጃኬት ደጋው ላይ ከሰኔ ጀምሮ ይሄዳል፤ ከደጀን ወደ ቆላው ወርዶ ያንኑ ጃኬት ይዞ መቆም ልፋት ነው። ገበሬው እጅ ላይ ብር የሚኖረው ጤፉ ከተወቃ በኋላ ነው። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ እንዲሉ፣ የሴት ልብስ በጥምቀትና ከዐቢይ ጾም በፊት ባለው የሠርግ ጊዜ ያልተሸጠ እንደሆነ፣ በጾሙ 55 ቀን ሠርግ ስለሌለ እስከ ፋሲካ ይንጠለጠላል።

ጉድለትን ስለ መናገር ግን እንጨምር። «ክርኑ ተጠግኗል፣ በዚህ ምክንያት 30 ብር ቀንሻለሁ» ማለት ዋጋ የሚሰብር ይመስላል። ቤቱ ደርሶ ጥገናውን ያገኘ ገዢ ግን ለመንደሩ ሁሉ ይናገራል፤ የገበያ ሰው ደግሞ በሳምንቱ ተመልሶ የሚመጣው ያው ነው። ክፍያ በቴሌብር ከሆነ ገዢው ስልኩ ላይ የሚያሳየውን መልእክት ሳይሆን የራስን ሂሳብ ከፍቶ ማየት ነው። የመልእክት ጽሑፍ ማንም ይጽፋል።

ለወጣቶች ብድር የሚሰጡ ክፍሎች በዚህ ጋዜጣ በኩል አንድ ጥያቄ ይድረሳቸው። ሥልጠናው አዳራሽ ውስጥ በሥዕል ከሚሰጥ፣ አንድ ቅዳሜ ገበያ ላይ ይደረግ። 20 ልብስና 5 ጥንድ ጫማ በሰማያዊ ሸራ ሥር ይዘርጉ፤ ከመካከላቸው ብል የበላው ኮት፣ የተላጠ «ቆዳ»፣ ሶሉ የበሰበሰ ጫማ ይኑር። ተበዳሪው ዋጋ ይጥራ፤ ከዚያ ዕቃውን ፀሐይ ላይ አውጥተው ደግመው ያስጠሩት። በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለው ልዩነት ብድሩ ምን ያህል መሆን እንዳለበት ይነግራቸዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
ልባሽ ልብስ በመግዛት፣ በመጠገንና በመሸጥ ላይ ያለን አንባቢዎቻችሁ
ደብረ ማርቆስ